ኮፒ ለማየት ነው እንዴ ከአሜሪካ የመጣነው?

እኔ የምሠራው ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ቱሪስት ማመላለስ ነው፣ ሹፌሩን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው የምትይዝ ሚኒባስ አለችኝ (የድርጅቱ ናት ያው)፣ ከቦርዶ ተነስተን ወደ ዶርዶኝ፣ የድሮ ስሙ ፔሪጎር ወደሚባለው አገር ነው የምንሄደው። ጋይድ አይደለሁም። እዚህ አገር ሙዚየምና ታሪካዊ ቦታ ውስጥ እንግዳ ይዞ ለማስጎብኘት የሙያ ካርድ ይጠየቃል፣ መኪና ውስጥ ግን አፌን የሚዘጋው የለም፣ እንግዶቹ ሐበሻ የሆኑ ቀንማ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የማወራው።

ለማውራት ደሞ አገሩ ይመቻል። ወንዙ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፣ ግራና ቀኙ ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ ላ ሮክ ጋዣክ የምትባለው መንደር ቤቶቿ ከገደሉ ስር ተለጥፈው ነው ያሉት፣ በ1957 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከላይ ድንጋይ ተንዶባት ሰው ሞቷል፣ ሰዉ ግን አሁንም አለ፣ ይኖራል። ትንሽ አለፍ ስትሉ ቤናክ እና ካስቴልኖ ወንዙን መሀል አድርገው የተፋጠጡ ሁለት ምሽጎች ናቸው፣ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ (1337–1453) ቤናክ ከፈረንሳይ ወገን፣ ካስቴልኖ ደሞ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ። እዛው አጠገብ በአሜሪካ የተወለደችው ዘፋኝና ዳንሰኛ ጆሴፊን ቤከር የኖረችበት ሚላንድ የሚባል ቤተመንግሥት አለ፣ የአሜሪካ ሐበሾች እሱን ሲያዩ ፎቶ አንስተው አይጠግቡም።

ወደ ገጠመኙ ልምጣ። ከቨርጂኒያ የመጡ ቤተሰብ ነበሩ፣ ጋሼ እና ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አንድ አማች፣ እና ከስልኩ ቀና የማይል የልጅ ልጅ። ወሩ ሰኔ ነው፣ እናትየው የሐዋርያትን ፆም ይዘዋል፣ ቀኑ ደሞ ረቡዕ። ረቡዕ ሳርላ ከተማ የገበያ ቀን ነው፣ ሳርላ ማለት ከነድንጋይ ጣሪያው እንዳለ የቀረ የድሮ ከተማ ነው፣ በ1960ዎቹ መንግሥት የድሮ ከተሞችን የሚጠብቅ ሕግ ሲያወጣ መጀመሪያ ከታደሱት አንዷ ናት። ግን የዳክዬና የዝይ አገር መሆኑን እወቁ፣ አደባባዩ ላይ ሳይቀር የነሐስ ዝይ አቁመዋል፣ ገበያው በሙሉ የዳክዬ ጉበት ነው። እናትየው ምሳ ላይ ሜኑ አይተው "ድንች ይምጣልኝ፣ ድንች ምን ይሆናል" አሉ፣ እኔ ደሞ ያንን ድንች አውቀዋለሁ፣ የሚጠበሰው በዳክዬ ስብ ነው! ሮጥ ብዬ አስተናጋጇን ይዤ በመጨረሻ ሰላጣ በዋልነት ዘይት አስመጣሁላቸው፣ መረቁኝ። ጋሼ አልፆሙም፣ ድንቹን በሉ፣ ወደዱት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም። ከሰዓት ሞንቲኛክ ደረስን፣ ላስኮ የሚባለው የጥንት ሰው ሥዕል ያለበት ዋሻ ያለበት ከተማ ነው። ኦፊሱ የሰጠኝ ፕሮግራም ላይ "ላስኮ ዋሻ" ነው የሚለው፣ ሌላ ቃል የለውም፣ እነሱም በዚሁ ነው የከፈሉት። እኔ ከፊት እንደሚነገራቸው ነበር የማውቀው። ፓርኪንጉ ላይ ወርደን ያንን ከኮረብታው ስር የተጋደመ የኮንክሪትና የመስታወት ሕንፃ ሲያዩ ትልቋ ልጅ ስልኳን ከፍታ ማንበብ ጀመረች፣ ከዛ አባቷን በጆሮ አንሾካሾከቻቸው፣ ከዛ ጋሼ ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ ዋሻው ይሄ ነው?"

"አይ ጋሼ፣ ዋሻው እዛ ኮረብታው ላይ ነው። ተዘግቷል። ይሄ ልክ እንደሱ ተደርጎ የተሠራ ነው።"

"መቼ ነው የተዘጋው?"

"በ1963።"

"ስድሳ ዓመት የተዘጋ ነገር ነው የሸጣችሁልኝ?"

ምን ትላላችሁ? ሰውዬው እውነታቸውን ነው። "ኮፒ ለማየት ነው እንዴ ከአሜሪካ የመጣነው?" እያሉ ፓርኪንጉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ኦፊስ ደወልኩ፣ "በጣም ተመሳሳይ ነው በላቸው፣ ገንዘብ አይመለስም" አሉኝ። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነገርኳቸው። "ተመሳሳይማ ቻይናም ይሠራል" አሉ።

ከዛ የማውቀውን ታሪክ ዘረገፍኩላቸው። በመስከረም 1940 በጦርነቱ መሀል አራት ልጆች ዋሻውን እንዳገኙት፣ ከ17 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው በሬዎችና ፈረሶች ግድግዳው ላይ ገና እንደተቀቡ ተቀምጠው እንደነበር፣ በ1948 ለሕዝብ ሲከፈት ሰው እንደጎርፍ እንደገባ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በቀን ከሺህ በላይ ሰው ሲገባ ከሰዉ የሚወጣው ትንፋሽና ላብ ከመብራቱ ጋር ተደርቦ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ ማብቀል እንደጀመረ፣ በላዩ ላይ ደሞ ነጭ የካልሳይት (የኖራ ማዕድን) ንጣፍ ሥዕሉን መሸፈን ሲጀምር የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ አዘግቶት እንደቀረ። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙኝና "ሰበብ ነው፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ይከፍቱለታል" አሉ። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር፣ ግን ፓርኪንግ ላይ ተናዶ ለቆመ ሰው አልጌ ማለት ምንም አይደለም በቃ።

ትዝ ያለኝ ሩፊኛክ የሚባለው ሌላ ባለሥዕል ዋሻ ነው። እሱ ኦሪጅናል ነው፣ ክፍት ነው፣ ትኬቱም ያኔ እዛው በራፉ ላይ ነበር የሚሸጠው። ትኬት ቤቷን ልጅ ለምኜ የላስኮ ሰዓታችንን ወደ ማግስቱ ጠዋት አዞረችልን (ሰኔ ባይሆን፣ ሐምሌ ቢሆን ኖሮ አትሞክሩት) እና በጫካ መንገድ በረርን። የሩፊኛክ መንደር ላይ ስንደርስ ቤቶቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፣ ቤተክርስቲያኑ ብቻ የድሮ ነው፣ ጀርመኖች በመጋቢት 1944 መንደሩን አቃጥለውት ከዛ የተረፈ ነው። እናትየው አማተቡ። ጋሼ ዝም።

ዋሻው ውስጥ የሚገባው በትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፣ ውስጡ 13 ዲግሪ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ፎቶ ክልክል ነው፣ የልጅ ልጁም ስልኩን አስቀመጠ። ጋይዷ ባቡሩን እያቆመች በባትሪ ታሳያለች። መጀመሪያ የድብ ነው የምታዩት፣ ድሮ የነበሩት የዋሻ ድቦች ክረምቱን የተኙበት ጉድጓድ መሬቱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ አለ፣ ግድግዳው ላይ የጥፍራቸው ጭረት። ከዛ ማሞት፣ ያ ድሮ የጠፋው ፀጉራም ዝሆን። ማሞት፣ ማሞት፣ ማሞት፣ ከመቶ በላይ ናቸው፣ በአንድ ጥቁር መስመር ጀርባው፣ ግንባሩ፣ ዓይኑ። መጨረሻ ላይ ትልቁ ጣሪያ የሚሉት ጋር ወረድን፣ ፈረስ፣ የተራራ ፍየል፣ አውራሪስ፣ ማሞት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል፣ ወለሉ አሁን ለጎብኚ ተብሎ ተቆፍሮ ነው እንጂ ያኔ ሰዓሊው ከጣሪያው ስር ተጋድሞ ነው የሳለው፣ ሙሉውን ሥዕል አንዴም ቆሞ አላየውም።

እና ጋሼ ቀና ብለው ቆይተው "ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የጎብኚ ስም ነው ጋሼ። ድሮ ሻማ ይዘው እየገቡ በጭሱ ስማቸውን ይጽፉ ነበር።"

"ማሞቱ ላይ?"

"ማሞቱ ላይ።"

"ባለጌ!" አሉ፣ ዋሻው አስተጋባው። ጋይዷ ደንግጣ ምን አሉ አለችኝ፣ ነገርኳት፣ "ልክ ናቸው" ብላ ቀጠለች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ የቀረ ቁጣ ሁሉ ስም በጻፉት ሰዎች ላይ ሆነ። አማቹ በሰንሰለት መታሰር አለባቸው ምናምን ይላል፣ የሞቱት ከመቶ ዓመት በፊት ነው እንጂ። እናትየው ናቸው ነገሩን የቋጩት፣ "እኛ ላሊበላ ጫማችንን አውልቀን እንገባለን፣ ቢሆንም እንረግጠዋለን። ስሙን ያልጻፈውም ይተነፍሳል እኮ" አሉ። ጋሼ ትንሽ ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞረው "ያኛውን መዝጋታቸውስ ደግ አደረጉ" አሉ። እኔ ፓርኪንግ ላይ ያን ሁሉ ለፍልፌ ያላገኘሁትን!

በማግስቱ ጠዋት ላስኮ ሲገቡ ሌላ ሰው ነበሩ። ከሩፊኛክ አንፃር ቀለሙ ብዙ ነው፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ፣ ከበሬዎቹ አንዱ ብቻ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ጋሼ አሁን ጥያቄያቸው እንዴት ተሠራ ሆነ። ዋሻውን በሌዘር ለክተው፣ ግድግዳውን በሬዚን ቀርፀው፣ ሰዓሊዎች እዛው ሞንቲኛክ ውስጥ በተፈጥሮ ቀለም በእጅ ነው የሳሉት፣ በ2016 መጨረሻ ነው የተከፈተው። "እንግዲህ ይሄም ሥራ ነው" አሉ። መውጫው ላይ ያለው ሱቅ ዋጋ ላይ ግን አልታረቁም፣ እሱ ላይ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

ከዛ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ሩፊኛክ መጀመሪያ፣ ላስኮ በኋላ። አብራኝ የምትሠራ ካርድ ያላት ጋይድ አለች፣ ነገርኳት፣ እሷም ሞከረችው፣ አሁን በሌላ መንገድ አትሄድም። ኦፊሱ ግን መጀመሪያ እምቢ ነበር፣ "ዋናውን አስቀድሞ ማሳየት ነው" ይላሉ፣ ለነሱ ዋናው ማለት ስሙ የታወቀው ነው። ሦስተኛ ቅሬታ ሲመጣባቸው "እንደፈለግህ አድርግ" አሉኝ። ፕሮግራሙ ላይ ግን አሁንም "ላስኮ ዋሻ" ነው የሚለው፣ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ራሴ እየደወልኩ ኮፒ መሆኑን እናገራለሁ።

ችግሩ ክረምት ነው፣ የፈረንጅ ክረምት ማለቴ ነው። ሩፊኛክ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ገደማ ይዘጋል። ያኔ ሌዜይዚ የሚባለው ከተማ ጋር ፎንድጎም የሚባል ዋሻ አለ፣ እሱም ኦሪጅናል ነው፣ በቀለም የተሳሉ ጎሾች አሉት፣ ግን በቀን የሚያስገቡት ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ ያልያዘ አያገኝም። እሱም ካልተገኘ ላስኮን ብቻ ነው የማሳየው፣ ስልክ ላይ ይሄን ስነግራቸው አንዳንዱ "እንግዲያው ይቅርብን" ይላል። ይቅር፣ ያን ቀን ቤናክ ምሽግ ላይ አወጣቸዋለሁ፣ ከላይ ወንዙን ያያሉ፣ እሱን ማንም ኮፒ ነው አላለኝም እስካሁን። ኦፊሱ ደውሎ ለምን ላስኮ ተሰረዘ ይለኛል፣ እኔም ደንበኛው ስለጠየቀ ነው እላለሁ፣ ውሸት አይደለም።