ጥርስ መስሎ የመጣ ካንሰር

ዛሬ ደሴ ላይ ከባቲ ቆላ የመጣ ሕፃን አየሁ። ግራ መንጋጋው አብጦ ዓይኑን ገፍቶታል፤ ጥርሶቹ በጣት ሲነኩ ይወዛወዛሉ። የጥርስ ሕመም ነው ተብሎ አንዱ ተነቅሎለት ነበር። ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ግን ቡርኪት ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ) ሆነ፤ ሴሎቹ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆኑ የሚችሉ ካንሰር!

አባትየው «ይድናል ወይ?» አሉኝ። «አብሽሩ፤ እንደ ፍጥነቱ ሁሉ ለኬሞቴራፒም ቶሎ እጁን ይሰጣል» አልኳቸው። ይህንን ስል ከልቤ ነው፤ በጊዜው በሙሉ መድኃኒት የታከሙ ብዙ ሕፃናት ይድናሉ። ፈሳሽ በደም ሥር ወዲያውኑ ጀመርንለት፤ በመድኃኒቱ በብዛት የሚሞቱት ሴሎች ኩላሊቱን እንዳይጎዱበት።

ባልደረቦቼ፣ እለምናችኋለሁ፤ የሕፃን መንጋጋ በቀናት ውስጥ ሲያብጥ ጥርስ ከመንቀላችሁ በፊት ናሙና ይወሰድ። ልጁ ነገ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ዱዓችሁ አይለየው።