እዚህ ጋ ሐሳብህ ሄዷል

ሐሙስ ማታ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ በሻማ ነው የምጽፈው። ጣቶቼ ቆዳ ቆዳ ይሸታሉ። ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ እንኳ አልለቀቀኝም።

ቆዳ መጎንጎን ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለሰው ስናገር መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። ምን ያድርጉ፣ በአማርኛ የሚጎነጎነው ፀጉር፣ አበባና ሴራ ነዋ! አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ሴራውን ለኛ ተውልን እንጂ» ብሎ ቀለደ። እሱስ ደህና ነው። ሌላው ግን «ፋቂ ልትሆን ነው?» አለኝ። ቀልዱን ነው፣ አውቃለሁ። ቃሉ ግን ቀልድ ሆኖ አያውቅም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ይኸው እስከዛሬ በሻይ ሰዓት ይመጣል። ሰዎቹ ደግሞ ቀበቷቸውም ጫማቸውም ቆዳ ነው።

ነገሩን ያመጣብኝ ፈረስ ነው። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ዳር የጋሪ ፈረስ ልጓምና ማሰሪያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሐሙስ፣ ገበያው ሞቅ በሚልበት ቀን፣ ቡና ልገዛ ስሄድ ሁሌ አያቸዋለሁ። ጅማ መቼም የፈረስ ነገር አይቀርላትም፤ አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። እናም አንድ ቀን ቆም ብዬ ሳያቸው፣ አራት ጠፍር በጣቶቻቸው መሐል እንደ ውሃ ይፈሳል። ወደ እጃቸው እንኳ አያዩም። ከጎረቤታቸው ጋር የበርበሬ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። ከታች ድፍን ክብ ገመድ እየሆነ ይወርዳል።

«አባባ፣ ያስተምሩኛል?» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሱታ ነው» አሉ። ቀስ ብሎ ማለታቸው ነው።

ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለኔ ነው። አሠራሩ በቃል ሲነገር አንድ መስመር ነው። በቀኝ ዳር ያለውን ጠፍር አንስተህ በሁለቱ ኋላ ታሳልፈዋለህ፤ ከዚያ በአንዱ ላይ አጥፈህ ወደ ወገኑ ትመልሰዋለህ። የግራውንም እንዲሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። የመጀመሪያዬ ግን እባብ ዋጥ ያደረገው ነገር ሳይፈጭለት የቀረ ይመስል ነበር። አንድ ቦታ ያብጣል፣ አንድ ቦታ ይከሳል።

ጠፍሩን ማውጣቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እኔ ረጅም ጠፍር የሚወጣው ከረጅም ቆዳ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ከጫማ ሰፊ የተጣለ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የሚያክል ቁራጭ አነሱና ዙሪያውን ክብ አደረጉት። ከዚያ ከዳር ጀምረው፣ ብርቱካን እንደሚላጥ፣ እየዞሩ ወደ መሐል ቆረጡት። ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቁራጭ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጠፍር ይወጣል አሉኝ። እቤት ሄጄ በካልኩሌተር አስልቼዋለሁ፣ ልክ ናቸው። ጠፍሩ ሲወጣ እንደ ሞላ ይጠቀለላል። በውሃ ነከር አድርገህ ስትስበው ይቃናል።

ውሃውም ልክ አለው። ደረቅ ቆዳ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ የራሰ ደግሞ ሲደርቅ ይላላል። ነክረህ ታወጣና ላዩ ደረቅ እስኪመስል ትተወዋለህ፣ ውስጡ ግን እርጥበቱን እንደያዘ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ እርጥበቱ እንዲቆይ በፌስታል ቋጥሬ ረሳሁት። በጅማ ክረምት! በሳምንቱ ስከፍተው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል።

ሌላው ኪሳራዬ አምባር ነው። አንድ ቁራጭ ቆዳ ወስደህ፣ ጫፍና ጫፉን ሳትነካ መሐሉን ሁለት ቦታ ሰንጥቀህ ሦስት ጠፍር ታደርገዋለህ። ጫፎቹ ዝግ ናቸው፣ ግን ይጎነጎናል። ሰው ሲያየው «እንዴት ገባ?» ይላል። ምስጢሩ ከታች ነው። ከላይ ስትጎነጉን ከታች የዚያኑ ያህል ይወሳሰባል፤ የታችኛውን ጫፍ በጠፍሮቹ መሐል ደጋግመህ ስታሾልከው ውስብስቡ ይፈታል። ስድስት ጊዜ አሻግረህ ስትጨርስ ዝርግ ሆኖ ይመለስልሃል። ይህንን ያወቅሁ ቀን እንደ ሕፃን ነው የሳቅሁት። ታዲያ የእህቴ አንጓ 16 ሳንቲ ሜትር ነው ብዬ 18 ቆርጬ ጎነጎንኩላት። ሲያልቅ አልዘጋ አለ። ጉንጉን ርዝመት ይበላል። ተራውን ባለሦስት እንኳ ስትሠራ የምትፈልገውን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ነው መቁረጥ ያለብህ። አምባሩ አሁን የጎረቤት ልጅ አሻንጉሊት አንገት ላይ ነው።

ግን ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ እማዬ ነው።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈር ሰው ሹሩባ ስትሠራ ኖራለች። የበዓል ዋዜማ ቤታችን ወረፋ ነበር። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቅቤውን እይዝላት ነበር፤ ሰፈር ውስጥ እንዳይታይብኝ ደግሞ በሩን እዘጋለሁ። አሁን ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ማበጠሪያ ከያዘች ቆይታለች። የኔን ነገር ስትሰማ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ አምጣው» አለች።

ሰጠኋት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበችው፣ ቀስ ብላ፣ መቁጠሪያ እንደሚቆጠር። መሐል ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ሐሳብህ ሄዷል።»

ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። እውነቷን ነው። አንዷ መስመር ላልታለች፤ በዓይኔ ፈልጌ ነው ያገኘኋት።

ስህተቴ ምን እንደሆነ የነገረችኝም እሷ ናት። እኔ ሲላላብኝ ቀጣዩን አጥብቄ ለማካካስ እሞክራለሁ። «አታካክስ» አለችኝ። «የላላውን ፈተህ ተመለስ። ፀጉርም ቢሆን አንዱን አላልተህ አንዱን ብታጠብቀው የጠበቀው ራስ ያማል።» ደግሞ ጨመረች፦ «ስትስብ በጣትህ አትሳብ፣ በክንድህ ሳብ።» ሽማግሌው አራት ሐሙስ ሙሉ «ሱታ፣ ሱታ» ሲሉኝ የነበረው ይኼን መሰለኝ። ነገርኳቸው። «እናትህ ቆዳ ትሠራለች?» አሉኝ። ፀጉር ነው አልኳቸው። «ያው ነው» ብለው ወደ ልጓማቸው ተመለሱ።

ዛሬ የባጃጅ ሹፌር ጎረቤታችን ያዘዘኝን የቁልፍ ማንጠልጠያ ጨረስኩ። ባለአራት፣ ክብ፣ ከፍየል ቆዳ፤ በጣውላ ስር አንከባልዬ አለስልሼዋለሁ፣ ሰም ቀብቼዋለሁ። በእውነት ያምራል። በሻማው ብርሃን ደጋግሜ አየሁት፤ እንከን አጣሁለት። ወሰድኩላት። ጨለማው ለሷ ለውጥ የለውም፤ ተቀብላ ጣቷን አስኬደች። አለፈች፣ አለፈች። ልትጨርስ ሁለት ጣት ሲቀራት ቆመች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?»

መብራት የሄደው እዚያ ጋ ስደርስ ነበር።