ጎረቤቶቼ ውሻዬን ሰርቀዋል ብዬ ስጠረጥር ያደረግኩት

ቡቺ የጠፋችው ከገዛ ግቢያችን ነው። የውጭው በር ገርበብ ብሎ ነበር። የአንገቷን ማሰሪያ በሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። አልተበጠሰም፤ ዘለበቱ በእጅ ተፈትቷል። ውሻ ማሰሪያውን ሊበጥስ ይችላል እንጂ ዘለበት አይፈታም።

ልቤ ወዲያው ወደ አንድ ቤት ሄደ። ሰዎቹ ውሻ የላቸውም። ግን ከጓሯቸው አልፎ አልፎ የማናውቀው ውሻ ጩኸት ይሰማል። ጥቂት ቀን ይጮኽና ጭጭ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይመጣል። ከእኔ በፊት የአንዲት ሌላ ጎረቤታችን ውሻም ጠፍቶ ነበር።

ደሜ ፈላ። በራቸውን ደብድቤ "ውሻዬን አምጡ!" ማለት አማረኝ። የደረሰበት ሰው ይገባዋል፤ ውሻ ቤተሰብ ነው። ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። የሰረቁት እነሱ ከሆኑ፣ እንደተነቃባቸው ባወቁበት ሌሊት ያሸሿታል። ካልሆኑ ደግሞ በሐሰት ሌባ ያልኩት ሰው ነገም ከነገ ወዲያም ጎረቤቴ ነው። ስማቸውን ጠርቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍም ያው ነው፤ በዚያ ላይ በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል።

ስለዚህ ደብተር አወጣሁና ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፍኩ። በሌላው በኩል የጠረጠርኩትን። "ዘለበቱ ተፈትቷል" የሚለው ከመጀመሪያው ገባ። "እነሱ ወስደዋታል" የሚለው ከሁለተኛው። ለፖሊስ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው።

ራሷ ወጥታ እንደሆነም ማጣራት ነበረብኝ። አጥሩን ዙሪያውን ዞርኩ። ውሻ በአጥር ከወጣ ብዙ ጊዜ የተቆፈረ አፈር፣ የተገፋ ሽቦ ወይም የተንጠለጠለ ጠጉር ይተዋል። ምንም አልነበረም። የደነገጠ ውሻ ሩቅ ሳይሄድ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም መኪና ሥር ድምፁን አጥፍቶ ሊደበቅ ይችላልና፣ ንጋት ላይ ሰው ሳይበዛ ሰፈሩን ፈተሽኩ። ወደ እንስሳት መጠለያዎችም ሄድኩ። እዚህ ላይ በስልክ መጠየቅ አይበቃም። "ቡናማ ውሻ" ሲባል እያንዳንዱ ሰው የሚያስበው ለየቅል ነው። ሄዶ በዓይን ማየት ነው።

ቀጥሎ ማይክሮቺፑ። በትከሻዋና በትከሻዋ መካከል ከቆዳዋ ሥር የተቀመጠች፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ብዙ ሰው ውሻው ያለበትን ቦታ የምታሳይ ይመስለዋል። አታሳይም። ባትሪም የላትም። ስካነር ሲጠጋት 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ትሰጣለች፣ በቃ። ቁጥሩ የሚጠቅመው ደግሞ ቁጥሩና የባለቤቱ ስም በተመዘገቡበት የቺፕ መዝገብ ላይ ያለው ስልክ የሚሠራ ከሆነ ነው። የእኔን አረጋገጥኩ። መዝገቡ ላይ "ተሰርቃለች" እንዲባል አደረግኩ። ቁጥሩን በአካባቢው ላሉ የእንስሳት ክሊኒኮች ሁሉ ሰጠሁ። የሰረቃት ሰው አያሳክማት ይሆናል። የገዛት ሰው ግን አንድ ቀን ለክትባት ይዟት ይሄዳል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው። ቡቺ ቀኝ ጆሮዋ ላይ የድሮ ጠባሳ አላት። ለማስታወቂያው የመረጥኩት ግን በግራ በኩል የተነሳችውን ፎቶ ነው። ስለ ጠባሳው አንድም ቃል አልጻፍኩም። ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ስልኬ መጮህ ጀመረ። "ውሻዋ እኔ ጋ ናት፣ መጀመሪያ ገንዘብ ይላኩ" የሚል አይጠፋም። መልሴ አንድ ነው፦ "ጆሮዋ ላይ ምን አለ?" ስልኩ ይዘጋል።

ከዚያ ወደ ተጠረጠረው ቤት ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ወንድሜን አስከትዬ። የሄድኩት ልከስ ሳይሆን እርዳታ ልጠይቅ ነው፤ የሌሎቹን ጎረቤቶች በር እንዳንኳኳሁት ሁሉ። በሩን የከፈቱት የቤቱ እናት ናቸው።

"እማማ፣ ውሻዬ ጠፍታብኝ ነው። ድንገት ካዩ ይንገሩኝ ብዬ ነው።"

ፎቶውን ተቀበሉኝ። ራቅ አደረጉት፣ ጠጋ አደረጉት። በአውራ ጣታቸው የወረቀቱን ጫፍ ያሹት ነበር።

"ልጄ፣ ይቺ... ጆሮዋ ላይ ጠባሳ ያላት ናት?"

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። "አዎ እማማ፣ አላት" አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አመስግኜ ወጣሁ። ግቢያቸው ልግባ አላልኩም፣ አጥር ላይ ተንጠልጥዬም አላየሁም። ሰው ግቢ ያለ ፈቃድ መግባት ራሱ ወንጀል ነው፤ ተበዳይ ሆኖ ሄዶ ተከሳሽ ሆኖ መመለስ አለ። ካሜራም ቢሆን ወደ ራስ በር እንጂ ወደ ሰው ጓሮ አይደገንም።

በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ። የክትባት ደብተሯን፣ ከቡችላነቷ ጀምሮ ያሉ ፎቶዎቿን፣ የቺፑን ቁጥርና የደብተሬን ገጽ ይዣለሁ። ውሻዋ የጠፋባት ጎረቤቴም አብራኝ መጥታ የራሷን አመለከተች። ሁለት አቤቱታ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነገሩ "ውሻ ጠፋ" መሆኑ ቀርቶ ስርቆት ይሆናል። የተቀበለን ፖሊስ መጀመሪያ ብዙም አልሞቀውም ነበር። የጆሮዋን ነገር ስነግረው ግን እስክሪብቶውን አነሳ። የማመልከቻውን ቁጥር ሳልቀበል አልወጣሁም። ያለ እሱ በየጊዜው ሄዶ "ከምን ደረሰ?" ማለት ይከብዳል።

ፖሊሶቹ ቤቱ ሲደርሱ ቡቺ አልነበረችም። ያገኘናት በቺፑ ነው። አንድ ሰው ለክትባት ይዟት ክሊኒክ ሄደ፣ ሐኪሟ ስካን አደረገቻት፣ ስልኬ ጮኸ። ሰውየው ገንዘብ ከፍሎ የገዛት፣ ምንም የማያውቅ ሰው ነበር። ልጆቹ ለምደዋታል። አዘንኩለት። ቢሆንም በብዙ አገር ሕግ የተሰረቀ ንብረት በመሸጡ ብቻ የገዢው አይሆንም። የተረከብኳትም ፖሊስ ባለበት፣ ሰነዶቼን አሳይቼ፣ ፈርሜ ነው። ማን እንደሸጠለት የተናገረውም እሱ ነው።

የሸጠው እዚያ ቤት የተጠጋ አንድ ዘመዳቸው ነው። እናቲቱ ውሾቹን እየገዛ የሚሸጥ ይመስላቸው ነበር። ጠርተው ሲጠይቋቸው ያዩትን ሁሉ ለፖሊስ ተናገሩ። እኔ ግን በዚያ በመጀመሪያው ቀን በሩን ደብድቤ ቤቱን በሙሉ ሌባ ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ የጠባሳዋን ነገር ከአፋቸው የምሰማ አይመስለኝም። እንኳን ሊመሰክሩ፣ በሩንም አይከፍቱልኝም ነበር።

አሁን የውጭው በር ከውስጥ በቁልፍ ይዘጋል። ቡቺም ሰው በሌለበት ግቢ ብቻዋን አትውልም። የጎረቤቴ ውሻ ግን እስካሁን አልተገኘም። ቺፕ አልነበረውም። ልዩ ምልክቶቹን በዝርዝር ጽፈን ሰጥተናል፣ ፎቶውን በየክሊኒኩ ለጥፈናል፤ መጠለያዎቹንም አብረን እየዞርን ነው።