ዛጎሪ፦ ስደት ያቆማቸው የድንጋይ ቤቶች

አቴንስ የምንኖር ሐበሾች እረፍት ሲገኝ የሚታየን ደሴትና ባሕር ነው። እኔን ግን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ሲስበኝ የኖረው በሰሜን ምዕራብ ግሪክ ያለው ተራራማ አገር፣ ኤጲሮስ ነው። ባለፈው ጥቅምት በአውቶቡስ የኤጲሮስ ከተማ ወደሆነችው ኢዮአኒና ገብቼ አደርኩ። በማግስቱ መኪና ተከራይቼ ወደ ዛጎሪ ወጣሁ። ዛጎሪ በፒንዶስ ተራሮች መካከል የተበተኑ 46 መንደሮች ያሉበት አካባቢ ነው። ሁሉን ልይ ቢሉ አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱን መረጥኩ፦ ካፔሶቮንና ከእሷ በላይ ያለችውን ቭራዴቶን።

ካፔሶቮ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ መንገዱ፣ ጣሪያው ሁሉ ድንጋይ ነው። ያውም አንድ ዓይነት ግራጫ ድንጋይ፣ እዚያው ከተራራው የተፈለጠ። ዛሬም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መልኩን እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ ይሄን ሕግ ወደድኩት። ኮረብታው ላይ አንድም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አይታይም።

ታዲያ እንዲህ ባለ ቀዝቃዛና ጭንጫ ቦታ፣ እርሻ እንኳ በቅጡ በማይሆንበት፣ ፎቅና ሰፊ ግቢ ያላቸውን ቤቶች ማን ሠራቸው? ስደተኞች ናቸው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኦቶማኖች ኢዮአኒናን በ1430 ከያዙ በኋላ የዛጎሪ ሰዎች ግብር እየከፈሉ የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው የሚያስተዳድሩበት መብት አገኙ። ያ መብት እየጠበበ እየሰፋ እስከ 1868 ቆየ። መሬቱ ስለማያበላ ወንዶቹ ወጡ። ቁስጥንጥንያ ገቡ፣ ዛሬ ሩማንያ ወደምንለው አገር ሄዱ፣ ሩስያ ድረስ ዘለቁ። ነጋዴ ሆኑ፣ ሐኪም ሆኑ። ሚስት፣ ልጅና ሽማግሌ መንደር ቀረ፣ ገንዘቡ ደግሞ በየጊዜው ወደ መንደር መጣ። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ድልድዩ፣ ትምህርት ቤቱ የዚያ ገንዘብ ሥራ ነው።

ግንበኞቹ ደግሞ ሌሎች ናቸው። ኮኒጻ በምትባል ከተማ ዙሪያ ዋና ሥራቸው ግንባታ የሆነ መንደሮች ነበሩ። በጸደይ ወራት አለቃው፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ጭቃ የሚያቀብለው ልጅና በቅሎው ሳይቀር በቡድን ይወጣሉ፣ ብርዱ ሲመጣ ይመለሳሉ። ባለቤቱ እንዳይሰማቸው እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው።

የግድግዳው አሠራር ላይ ብዙ ቆምኩ። በውስጥና በውጭ ፊት ያለው ሁለት ረድፍ ድንጋይ ይገነባል፣ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ከዚያ በየተወሰነ ከፍታው ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር እንጨት ይገባል። ይህ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ ያውቀዋል፣ እንጨቱ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው በድንጋይ መሐል እየገባ የሚያስረውን እንጨት ያስታውሳል። ሁለቱ አገሮች ተማክረው አይደለም፤ ድንጋይና እንጨት ይዞ የተቸገረ ግንበኛ እዚያም እዚህም አንድ መላ ላይ መድረሱ ነው።

አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ሳልፍ ሰላም አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ከኢትዮጵያ ስላቸው አማተቡና «ኦርቶዶክስ ናችሁ አይደል? ግባ ልጄ» አሉ። የግቢው በር የራሱ ትንሽ የድንጋይ ጣሪያ አለው። ታች ቤቱ መስኮቱ ጠባብ፣ ብረት የገባበት ነው፤ እህልና ከብት የሚገባው፣ ሽፍታ የሚፈራውም በዚያ በኩል ነበር። ላይ ቤት ምድጃው ግድግዳው መሐል ነው፣ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ፣ በላዩ በእጅ የተሠራ የሱፍ ምንጣፍ። በብርዱ ወራት ሁሉም ሰው እዚያው መደብ ላይ ይተኛ ነበር አሉኝ። አረቄያቸውን ቀዱልኝና ወደ ጣሪያው እያሳዩ የነገሩኝን ነው ከሁሉም በላይ ይዤው የመጣሁት።

ጣሪያው ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ በሚስማር አይመታም። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ በገዛ ክብደቱ ነው የሚቀመጠው። በረዶ ሲከመርበት፣ ነፋስ ሲመታው፣ ድመት ስትሮጥበት ከቦታው ይንሸራተታል። ድሮ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ አንድ ሰው ይወጣና የተንሸራተተውን ይመልሳል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ያ ሰው ከሌለ ውኃው በዚያች ክፍተት ይገባል፣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ያን ሁሉ ቶን የተሸከመው እንጨት አንድ ሌሊት ይሰበራል። ጣሪያው ከወደቀ ደግሞ ዝናቡ በቀጥታ ግድግዳው መሐል ያለውን ጭቃ ያገኘዋል። ጎረቤታቸው ያለውን ቤት በመስኮት አሳዩኝ። ግድግዳው ቆሟል፣ ውስጡ ዛፍ በቅሏል። «ልጆቹ አውስትራሊያ ናቸው፣ ጥሩ ልጆች ናቸው» አሉ።

የመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ፓስካሌዮስ ይባላል፣ በ1861 የተሠራ ነው። ለዚህች መንደር ሲበዛ ትልቅ ሕንፃ ነው። ዛሬ የሚማርበት ልጅ የለም። ቤተ መጻሕፍትና የድሮ ዕቃ ማሳያ ሆኗል። ለግሪክ ነጻነት የታገለው ጸሐፊ ሪጋስ ፌሬዎስ በ1797 ቪየና ላይ ያሳተመው ታላቁ የግሪክ ካርታ ቅጂም እዚህ ተቀምጧል። ሪጋስ በዓመቱ በኦቶማኖች እጅ ተገደለ። ግሪክ የምትባል ነጻ አገር ገና ሳትኖር ካርታዋን የሠራ ሰው ነው። ያ ካርታ ይህን ተራራ ወጥቶ እዚህ መድረሱ ሰዎቹ ዓለምን ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ይናገራል።

ከካፔሶቮ ወደ ቭራዴቶ በእግር ወጣሁ። ቭራዴቶ 1340 ሜትር ላይ ናት፣ ከዛጎሪ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ። የመኪና መንገድ የገባላት በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ዋናው መውጫና መውረጃ ገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ነበር። ደረጃው ለሰው ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ጭነት ለያዘች በቅሎ ነው። እርከኑ ዝቅ ያለ፣ መርገጫው ሰፊ፣ ድንጋዩ በጠርዙ ቆሞ የተተከለ፣ ሰኮና እንዳያንሸራትት። ዱቄቱም፣ ጨውም፣ ሙሽራም በዚህ ወጥቷል። እግሬ ቢዝልም በየጥምዝምዙ ቆሜ ቁልቁል ሳየው ይህን የቀየሰው ሰው የበቅሎ እርምጃ እንዴት እንደገባው እያሰብኩ ወጣሁት።

ላይ ስደርስ የበር ድምፅ የሚሰማበት ቤት ጥቂት ነው። በብርድ ወራት የሚቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሕዝቡ ባንድ ጊዜ አይደለም የሄደው። በ1940 የጣሊያን ጦር በዚሁ በኤጲሮስ በኩል ገባ፣ ቀጥሎ የጀርመን ወረራ መጣ፣ መንደሮች ተቃጠሉ። ያ ሳያበቃ የእርስ በርስ ጦርነቱ እስከ 1949 ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የወጣው ወጣት እንደ አያቶቹ ብቻውን አልወጣም፣ ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ ነው አቴንስና ጀርመን የገባው። የድሮው ስደት መንደሩን የገነባው ቤተሰቡ እዚያው ስለቀረ ነበር።

ከአንዳንዶቹ መንደሮች በላይ ያረጀ ደን አለ። ዛፉ ጎርፍና ናዳ ስለሚያስቆም ቤተ ክርስቲያን በውግዘት ያስጠበቀችው ነው፤ እኛ ዘንድ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2023 ዩኔስኮ ዛጎሪን በዓለም ቅርስነት መዘገበ፣ ደስ ብሎኛል። ግን መዝገብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ድንጋይ አይመልስም። ሙያው ያለው ሰው መከፈል፣ ወጣት አጠገቡ ቆሞ መማር አለበት። ይህ ደግሞ ይቻላል። በዚሁ በኤጲሮስ፣ ጹሜርካ በሚባለው ተራራማ ስፍራ፣ 40 ሜትር ገደማ የሚሻገረው የፕላካ ባለ አንድ ቅስት ድልድይ በ2015 ጎርፍ ጠርጎት ነበር። እንደገና በድንጋይ፣ እንደ ቀድሞው ሠርተው በ2020 አቆሙት። እሱን የሠራ እጅ ካለ የካፔሶቮን ጣሪያ የሚጠግን አይጠፋም። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ኢዮአኒና አድራችሁ ለፎቶ ብቻ አትውጡ፤ መንደር ውስጥ እደሩ፣ እዚያው ብሉ፣ ገንዘባችሁ እዚያው ይቅር።