አራት ቀዳዳ በ8 ፑንታ

ሞተር ሳይክሉ ባለ150 ሲሲ፣ ባለአንድ ሲሊንደር፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ዕቃ ማመላለሻ ነው። ባለቤቱ «ዳገት ላይ ይደክማል፣ ማርሚታው ትንሽ ይከፈትልኝ» ብሎ ጋራዥ አስገባው። ትእዛዙ የማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ የኋላ ክዳን ቆርጦ የውስጡን ላሜራ አራት ቦታ በ5 ሚሊሜትር መብሳት ነበር። ተለማማጁ ግን ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) ላይ የነበረውን የ8 ፑንታ (የመብሻ ብረት) ሳይቀይር በዚያው በሳው።

የሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ቀላል ይመስላል። አራት ባለ5 ቀዳዳ 79 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ባለ8 ሲሆን 201 ይደርሳል። የውስጥ ቱቦው ስፋት 22 ሚሊሜትር ስለሆነ መውጫው 380 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አንድ አምስተኛ መጨመር የነበረበት ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ አዳማ ሲወርድ የጋዝ እጀታውን በለቀቀ ቁጥር ማርሚታው ይተኩስ ጀመር። ከቆመበት ሲነሳም ከድሮው ባሰበት። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሲፈታ ነጭ ሆኗል፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፣ እጥረቱን ትሸፍናለች። ቁልቁል ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍርና ጉዱ ይወጣል።

መካኒኩ ተኩሱን ለማጥፋት ዋናውን ጄት (የካርቡሬተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) በአንዴ ከ110 ወደ 120 አሳደገው። ጥቁር ጭስ መጣ፤ ተኩሱ ግን አልቆመም። ምክንያቱ ሌላ ነበር፦ ቱቦው ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (ክፍተት የሚደፍነው ማሸጊያ) ሲፈታ ተጨፍልቆ ሳለ ያው አሮጌው ተመልሶ ገብቷል። ጋዝ ሲለቀቅ በዚያ ክፍተት ንጹሕ አየር ይሳብና ያልተቃጠለው ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ይፈነዳል። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መገጣጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀብቶ ማስነሳት ነው፣ የሚያፈስ ከሆነ አረፋ ይሠራል።

አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ከአራቱ ቀዳዳ ሁለቱ በ2 ሚሊሜትር ላሜራ ተደፍነው ተበየዱ፣ ጄቱም ወደ 112.5 ወረደ። ማርሚታው ሲበየድ ከሞተሩ ላይ መውረድ አለበት። ባትሪው ሳይነቀል እዚያው የሚበይድ ብዙ ነው፤ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዘው ሲዲአይ ሲቃጠል ዕቃው ፎርጅድ ነው ይባላል። ከዚያ ሞተሩ ረጅም ዳገት ላይ በሙሉ ጋዝ ተነዳ፣ ፍሪሲዮን ተይዞ በዚያው ቅጽበት ጠፋ፣ ካንዴላው ታየ፦ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ እየሠራ ቆይቶ፣ የሚነሳ ካንዴላ ስለ ዋናው ጄት ምንም አይናገርም።

ዳገቱስ? በአዲስ አበባ ከፍታ እንዲህ ያለ ሞተር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ማርሚታ ከፍቶ የሚመለስ አይደለም። የሠራው የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ ከ42 ወደ 45 መቀየሩ ነው። ሰባት በመቶ ገደማ መሳብ ጨመረ፣ ያንኑ ያህል ከጫፍ ፍጥነቱ ቀነሰ።