ደሴ አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ፣ አዲስ አበባ አንድ

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ባክአፕ አደረግሁ የሚለው እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑ ሞልቶበታል፤ የሠርግ ፎቶውን፣ የቢሮውን ሰነድ፣ የልጆቹን ቪዲዮ ጠቅልሎ ወደ አዲሱ ዲስክ ያዛውርና ከላፕቶፑ ያጠፋዋል። ዕቃው ቤት ቀየረ እንጂ አልተባዛም። አሁንም ያለው አንድ ቅጂ ነው፤ ያውም ከጠረጴዛ ላይ ሊወድቅ የሚችል።

የሚታወቀው ልክ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ለእኛ አገር ግን «ከቤት ውጭ» የሚለውን ጠበቅ ማድረግ ያሻል። የደሴ ሰው ሁለተኛውን ቅጂ የሐረጎን ቁልቁለት አውርዶ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ቢያኖረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለእሳት፣ ለሌባና ለጎርፍ ይህ ይበቃል። ለጦርነት አይበቃም። በጥቅምት 2014 መገባደጃ ሁለቱ ከተሞች የተያዙት በአንድ ሰሞን ነው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ከተዘረፈው ኮምፒውተር ጋር ውስጡ የነበረው መረጃም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ ከወሎ ይውጣ። አዲስ አበባ ያለች እህት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ በቂ ነው፤ ለበዓል ስትመጣ አሮጌውን ይዛ ትመጣለች፣ አዲሱን ይዛ ትመለሳለች። የግል ሰነድ ካለበት ቢትሎከር ወይም ቬራክሪፕት በሚባለው የመቆለፊያ ፕሮግራም ይቆለፍ፤ የይለፍ ቃሉ ግን ወረቀት ላይ ተጽፎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የተረሳ የይለፍ ቃል ከሌባ እኩል ነው።

ለማቆየት የሚሆነው ዕቃ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነው። ፍላሽና ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) መረጃ የሚይዙት በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ሳይሰኩ ሲቀመጡ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይፈስሳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። የኢንዱስትሪው መለኪያ፣ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ የግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ የሚጠብቀው በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ኤሌክትሪክ መረጃውን 1 ዓመት እንዲይዝ ብቻ ነው። አዲስ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ይቆያል፤ ቢሆንም ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ መሳቢያ ገብቶ አምስት ዓመት የተረሳ ፍላሽ አያስተማምንም። ፍላሽ ለማመላለሻ ነው። «ከፍታ ሀርድ ዲስክ አይጎዳም ወይ?» ለሚል፣ የብዙዎቹ ዲስኮች የሥራ ወሰን 3,048 ሜትር ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ችግር የለም። በክረምት ጉም ከቀዘቀዘ ክፍል ወጥቶ ሞቅ ያለ ቤት የገባ ዲስክ ግን ወዲያው አይሰካ፤ ውስጡ እርጥበት ሊቋጥር ስለሚችል ከነቦርሳው አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። በርካሽ የሚሸጠው «2 ቴራ» ፍላሽ ውስጡ 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን 2 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል። መጀመሪያ የተጫነው ይከፈታል፤ ከ32 ጊጋው በኋላ ያለው ስሙ ብቻ ይታያል፣ ሲከፈት ተበላሽቷል ይላል። ማረጋገጫው ኤች2ቴስት-ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ፍላሹን እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ያነባል። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ የ64 ጊጋ ፍላሽ ለመጻፉ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ ከነጋዴው ጋር «እስከ ነገ እሞክረዋለሁ» ብሎ መስማማት ነው። በነገራችን ላይ፣ 1 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ብሎ ቢታይ አልተጭበረበራችሁም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለኮፒ ነው። «ከት» አትጠቀሙ፤ ኮፒ አድርጉ፣ አረጋግጡ፣ ከዚያ አጥፉ። መብራት በመሃል ሊጠፋ ስለሚችል ዴስክቶፑ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ዩፒኤስ ከሌለ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ሥሩ። ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ብቻ የምትጠቀሙበት ከሆነ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፤ ኤክስፋት የሚባለው ፎርማት ለውጦችን የሚመዘግብበት መዝገብ ስለሌለው በመሃል ኃይል ሲቋረጥ ፎልደሮቹ የመበላሸት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ለኮፒው ቴራኮፒ የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ «ቬሪፋይ» ሲበራ ኮፒ የሆነውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል፤ ይርዘም። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ አጭር ገመድ ተጠቅማችሁ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ዩኤስቢ አንዴ ብቻ ሞክሩ፤ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል። ድምፁ ከቀጠለ ንቀሉት። ደጋግሞ መሰካት ውስጡን ይፍቀዋል።

ከማተሚያ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትካት ሆነው ሲገኙ ብዙ ሰው ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ሾርትካቱን ሳትነኩ በአንቲቫይረስ አጽዱት፤ ከዚያ የፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉና ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።

ስም አወጣጥ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። «2016» የሚል ፎልደር ከአሥር ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ነው የፈረንጅ? ካሜራውና ስልኩ ፎቶው ውስጥ የሚጽፉት በፈረንጅ ቀን ነው፤ ሰዓቱም 14 ሲል የእኛ 8 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ከፊት የፈረንጁ ቀን፣ ዓመት ቀድሞ፣ ከኋላ የእኛው ይምጣ፦ «2024-01-28_ጥር-19-2016ዓም_ሠርግ»። በዚህ አጻጻፍ ኮምፒውተሩ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል፣ ሰውም ያነበዋል። በኢትዮጵያ ቀን ብቻ ልጻፍ ካላችሁ የወሩን ቁጥር አስቀድሙ፤ ያለዚያ ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይሰለፋል። ስሙም አይርዘም። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 255 ባይት ወሰን ያለው ሊነክስ ላይ 85 ፊደል ብቻ ነው የሚገባው።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚያስፈልገው የድሮ የአማርኛ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት፣ በየቢሮው ደግሞ ከዚያም ብዙ ዓመት በኋላ፣ አማርኛ የሚጻፈው የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በማልበስ ነበር፤ እያንዳንዱ ፕሮግራምም የራሱ አለባበስ ነበረው። የ1990ዎቹ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ልብሱ ነው የጠፋው። መለያው ቀላል ነው፦ ጥቂት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮው ነው።

የድሮው ከሆነ ሥራው ሁለት ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይሞት ሰነዱን ፎንቱን ውስጡ በሚይዘው ፒዲኤፍ/ኤ አስቀምጡት፤ መልኩ በዚህ ይድናል። ፎንቱንም ከጎኑ በፎልደር አኑሩት። ከዚያ ጽሑፉን በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሩና በዓይን አርሙ፤ ስህተት የሚበዛው እንደ ሏና ቷ ባሉት ዲቃላ ፊደላት፣ በአራት ነጥብና በግዕዝ ቁጥር ላይ ነው። ሰንጠረዥ ከሆነ ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ፤ ተራው ሲኤስቪ አማርኛውን ሁሉ ጥያቄ ምልክት ያደርገዋል።

ነጋዴዎች ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ያለውን ሂሳብ ባክአፕ አድርገናል ሲሉ የሚያስቡት የፕሮግራሙን የራሱን ባክአፕ ፋይል ነው። እሱ የሚከፈተው በዚያው ወይም በኋለኛው እትም ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ጄኔራል ሌጀሩንና ትራያል ባላንሱን በፒዲኤፍና በኤክሴል አውጥታችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

የመንዙማና የሠርግ ካሴት ያለው ሰው በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ድምፁን ሳያሳንስ በሚይዝ ፋይል) ይቅዳው፤ የ90 ደቂቃ ካሴት በስቴሪዮ 1.55 ጊጋ ያህል ይሆናል። ኤምፒ3ው ለስልክ ነው፣ ለማቆያ አይሆንም።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ተጨማሪ እንጂ ከሦስቱ አንዱ ባይሆን እመርጣለሁ። የጉግል ነጻ 15 ጊጋ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመሙላት 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 2 ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰረዝ ይችላል፤ መስመር ሲቋረጥ ደግሞ የለም ማለት ነው። በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ ያለዚያ ያሳንሰዋል፣ የተነሣበትን ቀንም ያጠፋዋል።

ቅጂዎቹ ደህና መሆናቸው የሚታወቀው ሲፈተሹ ነው። ሰቨን-ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ሲጫን ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ሻ-256ን በ.sha256 ፋይል ማውጣት ትችላላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ የሚሆን ቁጥር ይጽፋል። ይህን ዝርዝር ከፋይሎቹ ጋር በየዲስኩ አስቀምጡት። መስከረምና መጋቢት ላይ ዲስኩን ሰክታችሁ አነጻጽሩ፤ የዲስክን ጤና በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ደግሞ የተበላሹና ያጠራጠሩ ቦታዎችን የሚቆጥሩት ቁጥር 05 እና ሲ5 ዜሮ መሆናቸውን እዩ። ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩ ገና ቢሠራም የዚያኑ ዕለት ወደ ሌላ ገልብጡት። አሻራው ያልተስማማ ፋይል ሲገኝ ከሌሎቹ ሁለት ቅጂዎች የሚስማማው ተወስዶ ይተካል፤ ሦስት ቅጂ ሳይኖር ግን የትኛው እንደተበላሸ ለመለየት ያለው ያ ዝርዝር ብቻ ነው።