ደብተሬ ላይ መጨረሻ የጻፍኩት ጥያቄ

ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ከቀዶ ሐኪም ጋር ቀጠሮ አለኝ። 31 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሚትራል የሚሉት የልቤ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር ማለት ነው፣ ጠቧል። የልብ ሐኪሟ በመድኃኒት ብቻ ከዚህ በላይ መቆየት እንደማልችል ነግራኛለች። ቀዶ ሐኪሙን ግን ገና አላየሁትም። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ለዚህች ቀጠሮ ስዘጋጅ ነው የሰነበትኩት።

ለምን ይሄን ያህል? ባለፈው የሆነውን ልንገራችሁ። ሐኪሟ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ይዛ በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ "እሺ ዶክተር፣ እሺ ዶክተር" ብቻ ነበር የምለው። ስወጣ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። "ምን አለችሽ?" አለኝ። "ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል አለችኝ" አልኩት። "ምን ዓይነት? መቼ? ከዚያስ በኋላ?" ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ቀዶ ሕክምናው አልነበረም። ስለ ገዛ ልቤ የተነገረኝን ይዤ መውጣት ስላቃተኝ ነው።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ባለ 50 ቅጠል፣ ተማሪዎቼ የሚይዙት ዓይነት።

መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ታሪክ ነው። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ጉሮሮዬን በጣም አመመኝ። እናቴ እንጥል ነው ብላ ወደ አንዲት ሴትዮ ወሰደችኝና አስቆረጠችኝ። በሳምንታት ውስጥ ጉልበቴ አበጠ። እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ደግሞ ክርኔ። "ብርድ ነው" ተባለ። አንድ ጤና ተቋም ወሰዱኝ፤ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። ልቤን ያዳመጠ ሰው አልነበረም። የጉሮሮ ሕመሙ ያኔ በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ ሩማቲክ የሚሉት በሽታ ልቤ ላይ ላይደርስ ይችል ነበር። ይህን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ልቤ መምታት ሲያበዛብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ።

እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ "እኔ ነኝ የጎዳሁሽ" ትላለች። እኔ እንደዚያ አላስብም። በሰፈራችን ሁሉም እናት ያደረገውን ነው ያደረገችው። ልጆች ያላችሁ ግን እባካችሁ፣ ልጁ ጉሮሮውን አሞት ሲያተኩሰው ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክፍሌ ውስጥ ጉሮሮውን የሚያመው ልጅ ሳይ ወላጅ አስጠርቼ ይሄንኑ ነው የምናገረው።

ቀጥሎ የድካሜን ልክ መዘገብኩ። ሐኪም ሁሉ "ምን ያህል ይደክምሻል?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም ሁልጊዜ "ትንሽ" እላለሁ። ትንሽ ምን ማለት ነው? ክፍሌ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃዎቹን ቆጠርኳቸው፤ 22 ናቸው። አምና ሳላርፍ እወጣቸው ነበር። አሁን አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ብረቱን ይዤ እቆማለሁ። ተማሪዎቼም ከኋላዬ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ አንዳቸውም አልፈውኝ አይሄዱም። የምተኛው በሦስት ትራስ ነው። በ14 ሌሊት ውስጥ አራት ጊዜ ትንፋሽ አጥሮኝ ተነስቼ መስኮት ከፍቻለሁ። የደብረ ብርሃንን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ይሄ ሁሉ አሁን ከነቀኑ ደብተሬ ላይ አለ። "ትንሽ" የሚለውን ቃል ነገ አልጠቀምም።

የኢኮ ወረቀቶቼን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል አስተካከልኩ። ጤነኛ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ወደ አንድ ብር ሳንቲም ይጠጋል። የእኔ የመጨረሻው ውጤት 0.9 ይላል። የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ማለት ነው። ከሳንባዬ የሚመለሰው ደም ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ይህን ሳውቅ ለልቤ አዘንኩለት። ስንት ዓመት ነው በዚህ ሁኔታ የሠራልኝ!

በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቫልቩን በፊኛ የሚያሰፉበት ሕክምና እንዳለ ሰምቼ ተስፋ አድርጌ ነበር። ደረት ሳይከፈት ማለት ነው። የእኔ ግን ጠንክሯል፤ ከመጥበቡም ሌላ ወደ ኋላ ያፈሳል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ፊኛው አይሆንም። እንዲያውም ማፍሰሱን ሊያባብሰው ይችላል። ያም ሆኖ "መጠገን ይቻላል ወይስ የግድ መቀየር አለበት?" የሚለውን ጽፌዋለሁ። ቫልቩን በዓይኑ የሚያየው ቀዶ ሐኪሙ ስለሆነ መልሱን ከእሱ መስማት እፈልጋለሁ።

ጥርሴንም ታከምኩ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የተበላሸ ጥርስ ካለ ባክቴሪያው በደም አድርጎ አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አፍ መጽዳት አለበት። አንድ መንጋጋዬ ተነቀለ፣ ሁለቱ ተሞሉ። የጥርስ ሐኪሙ የጻፈልኝን ወረቀት ፎልደሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው። ቫልቫቸው ከተቀየረ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። የብረት የሚባለው ነው። "ጆሮሽን አስጠጊ" አሉኝ። አስጠጋሁ። እንደ እጅ ሰዓት ቲክ ቲክ ይላል። "መጀመሪያ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ አሁን ዝም ያለ እንደሆነ ነው የምደነግጠው" አሉኝ። ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ አወጡ። ውስጡ ቀንና ቁጥር ብቻ ነው። ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። አይ ኤን አር የሚባለውን የደም ምርመራ ደግሞ በየጊዜው ይመረመራሉ። የሚትራል ቫልቩ የብረት ለሆነ ሰው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ከዚያ ካነሰ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ደም ይፈሳል።

ስለ ጎመን የነገሩኝን አልረሳውም። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ኃይል ይቀንሳል። "በሑዳዴ ቤቱ ሁሉ ጎመን ነው፤ ቁጥሬ ይወርዳል። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ሥጋ ይሆናል፤ ቁጥሬ ይሰቀላል" አሉኝ። ሐኪማቸው ጎመን ተው አላላቸውም። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ብላ፣ ጾሙ ሊገባና ሊፈታ ሲልም ተመርመር ነው ያላቸው። ይህን እኔ የት ብዬ አገኘው ነበር? እዚያው ጻፍኩት። ከጎኑም "ምርመራው እዚሁ ደብረ ብርሃን ይሠራልኛል ወይስ እየተመላለስኩ ነው?" የሚለውን ጨመርኩ። 130 ኪሎ ሜትር በየወሩ መመላለስ ካለብኝ ከአሁኑ ማወቅ አለብኝ።

ሌላው አማራጭ ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ ነው፤ ከላም ወይም ከአሳማ። እናቴ የአሳማውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እኔም አልዋሽም፣ ከበደኝ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና "ልጄ፣ ይሄ ማዕድ አይደለም፤ መድኃኒት ነው" አሉኝ። መድኃኒቴን በጠበል መዋጥ እንደምችልም ነገሩኝ። አንድ ዘመዳችን መድኃኒቱን ትተሽ ጠበል ብቻ ግቢ ስትለኝ ከርማ ነበር። የእሳቸውን ቃል ከሰማች በኋላ ተወችኝ። እናቴም ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛች።

የእንስሳው ቫልቭ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አያስፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ነው። ግን ያረጃል። በብዙ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል፤ በወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ያኔ ደረት እንደገና ይከፈታል።

ቅዳሜ ማታ እትዬ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ነገር በሥርዓት ካልተቀመጠ አትወድም። ነገ አብራኝ የምትገባው እሷ ናት። "በይ፣ እኔ ሐኪሙ ነኝ፤ ጠይቂኝ" ብላ ተቀመጠች። ጀመርኩ። ልቤን ሲያቆሙት ደሜን የሚያዞረው መሣሪያ ለስንት ሰዓት ይሠራል? እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በዓመት ለስንት ሰው ይሠራሉ? ሰዎቹስ እንዴት ሆኑ? ለኔ የሚሆን መጠን ያለው ቫልቭ አሁን አለ ወይስ ይጠበቃል? ደም የሚሰጡ ስንት ሰው ይዤ ልምጣ? የደረቴ አጥንት እስኪጠና ድረስ ከባድ ነገር አላነሳም፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን መቼ ነው የማነሳው? እጄን ከፍ አድርጌ ሰሌዳ ላይ መጻፍስ? ትምህርት ቤቱን የስንት ወር ፈቃድ ልጠይቅ?

እትዬ ደብተሩን ተቀብላኝ አገላበጠችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ አገኘች። በጣም ደቃቅ ጽሕፈት ነው።

"ይሄ ምንድነው?" አለችኝ።

ዝም አልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ አንብቢልኝ።"

"መውለድ እችላለሁ ወይ?" ብዬ አነበብኩላት።

ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። አማቴ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ግን በየበዓሉ ስትስመኝ ሆዴን ነካ ታደርገዋለች። ባለቤቴ "ከአንቺ የሚበልጥ የለም" ይለኛል፤ አምነዋለሁ። ማታ ግን የእህቱን ልጅ ታቅፎ ሲያስተኛት አይቼዋለሁ። ቫልቬ እንደዚህ ሆኖ ማርገዝ ለሕይወቴ አደጋ እንደሆነ ተነግሮኛል፤ ስለዚህ እየተከላከልን ነው። ከተቀየረ በኋላስ? ነገሩ የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ካቆምኩት ደግሞ የብረቱ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ እሱ እኔን ይገድለኛል። የእንስሳውን ካስገባሁ እርግዝናው ይቀለኛል፤ ግን ልጄ ትምህርት ቤት ሳለ እኔ እንደገና ቀዶ ሕክምና ክፍል እገባ ይሆናል። መጀመሪያ ወልጄ በኋላ የብረቱን ማስገባት ይቻል እንደሆነም አስቤያለሁ።

"ታዲያ ይሄን ለምን መጨረሻ አደረግሽው?" አለችኝ እትዬ።

"ሐኪሙ ስለ ነፍሴ ሲያወራ እኔ ስለ ልጅ ሳወራ እንዳላሳፍር ብዬ ነው" አልኳት።

እትዬ ተቆጣች። እኔ ላይ አይደለም። "ይሄን ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ነው ቫልቭ የሚመርጥልሽ? ይሄ ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ነው የሚለውጠው" አለች። እውነቷን ነው። ሐኪሙ ደረቴን ከመክፈቱ በፊት ምን ዓይነት ሕይወት መኖር እንደምፈልግ ማወቅ አለበት። እሱን ከኢኮው ላይ አያነበውም። ከኔ አፍ ካልሰማ ከየት ይሰማዋል?

አዲስ ገጽ ገለጠች። "ጻፊ፤ በእስክሪብቶ" አለችኝ። አንደኛ ብዬ ጻፍኩ፦ ዶክተር፣ መውለድ እፈልጋለሁ። የትኛው ቫልቭ ነው ለዚህ የሚሻለኝ? "እችላለሁ ወይ" የሚለውን "እፈልጋለሁ" አድርጊው ያለችኝም እሷ ናት። ከዚያ ጮክ ብዬ እንዳነበው አደረገችኝ። የመጀመሪያው ላይ ድምፄ ተቆረጠ። በሦስተኛው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሰምቶ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ምንም አላለም። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

አሁን ሁሉም ተዘጋጅቷል። ኢኮዎቹ፣ ኤክስሬዩ፣ የደም ውጤቶቹና የጥርስ ሐኪሙ ወረቀት ፎልደሩ ውስጥ ናቸው። የምውጣቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው በፌስታል ናቸው፤ ስማቸውን ስናገር ስለምሳሳት ራሳቸውን ባሳየው ይሻላል። እናቴ ለመንገድ ዳቦ ጋግራ ልካለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ እንገናኛለን። ደብተሩን እኔ እይዛለሁ፤ የሚመልስልኝን የምትጽፈው እትዬ ናት።